የኮሎኔል ላንግ ጠመንጃ

ሐበሻ በተሰደደበት አገር ሁሉ «አላውቅም» የምትለዋን ቃል ሳይማር ያደገ አንድ ሰው አይጠፋም። በሮማ ይህን ወንበር የያዙት ክቡር ፕሮፌሶሬ ትስፋልደት ናቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ ኤስኲሊኖ በሚባለው ሰፈር በር የሚጠብቁበት ሕንፃ አንድ ነዋሪ ነው፤ ያውም ተናዶ።

ፔርሜሶህ፣ የመኖሪያ ፈቃድህ፣ ዘገየብህ? ጋሽ ትስፋልደት ምክንያቱን ያውቃሉ። ጉልበትሽን አመመሽ? ከጥርስሽ የመጣ ነው። «አሎራ፣ ነገሩ እንዲህ ነው» ብለው ከጀመሩ ሻንጣህን መሬት አስቀምጥ፤ ትራሙ አምልጦሃል። ቅዱስ እስጢፋኖስ ደጃፍ ላይ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ታሪክ ለቄሱ ለራሳቸው ሲያስረዱ የታዩ ሰው ናቸው።

ስለዚህ አሮጊት በመጦር የምትተዳደረው ሰመረት ስትደውልላቸው አልገረማቸውም። የምትጦራቸው አሮጊት፣ ሲኞራ ፍራንካ፣ የሟች አባታቸውን ቁም ሣጥን ሲያስጠርጉ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ጠመንጃ ተገኝቷል። አባትየው በሕይወት ሳሉ «በጦርነቱ አንድ ጀርመን ገድዬ የማረክሁት ነው» ይሉ ነበር። ሲኞራ ለፖሊሶቹ ለካራቢኒየሪ ከማስረከባቸው በፊት ምንነቱን ማወቅ ፈለጉ።

ጋሽ ትስፋልደት በሕይወታቸው ጠመንጃ ጨብጠው አያውቁም። መነጽራቸውን አጥብቀው ብረቱን ሲመረምሩ «22» የሚል ቁጥርና «ላንግ» የሚል ጽሑፍ አገኙ። ይኸው በቃቸው።

«አሎራ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የጀርመን ማውዘር ነው፤ በ1922 የተሠራ። ባለቤቱ ላንግ ይባላል።» ስሙ ብቻውን አነሰባቸው። «ኮሎኔል ላንግ» አሉ።

ሲኞራ ፍራንካ ፊታቸው ነጣ። «ልጆች ነበሩት?»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ዝም ይል ነበር። ጋሽ ትስፋልደት «ሦስት» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሮጊቷ እንቅልፍ አጡ። አባታቸው ሦስት ልጆችን አባት አሳጥተዋል! «ለነፍሱ ሳይጸለይ ጠመንጃው ከዚህ ቤት አይወጣም» ብለው ለኮሎኔሉ የሙታን ቅዳሴ አስቀደሱ። ጋሽ ትስፋልደትም ጥቁር ክራቫት አስረው የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሟቹ ከእሳቸው የቀረበ ዘመድ አልነበረውማ።

ዝናው ስለጣፈጣቸው በስልካቸው ያነሱትን ፎቶ ይዘው ወደ አንድ ሽማግሌ ጠመንጃ ሠሪ ሄዱ፤ የኮሎኔሉን ጀብዱ ሊያጣሩ።

ሽማግሌው ፎቶውን አይቶ ሳቀ። «ላንግ ሰው አይደለም። በጀርመንኛ ረጅም ማለት ነው፤ የጥይቱ ዓይነት ነው። ሃያ ሁለቱም የጥይቱ ልክ እንጂ ዓመት አይደለም። ይህ የምልምል ወታደር ማሰልጠኛ ነው። ቁመናው የጦር ጠመንጃ ይመስላል፤ የሚተኩሰው ግን ትንሽ ጥይት ነው፤ የወረቀት ዒላማ ለመብሳት። ጀርመኖቹ ሲሸሹ ከመጋዘን የተወሰደ ይሆናል። ባዶነቱ ከተረጋገጠ በኋላ አፈሙዙ ውስጥ እርሳስ ክተቱ፤ የጦር ጠመንጃ ቢሆን ይገባ ነበር፤ እዚህ ግን አይገባም።»

በሜትሮ ሲመለሱ የፈጠሯቸው ሦስት ልጆች አብረዋቸው የተሳፈሩ መሰላቸው። እንዲህ ያለ አህያ አይቼ አላውቅም አሉ በልባቸው፤ ስለ አህያ ደግሞ ብዙ ያውቃሉ። ዝም ቢሉስ? ጠመንጃው ይሄዳል፤ ማንም አያውቅም። ግን ሰመረት ደወለች፦ «ጋሼ፣ ሲኞራ የኮሎኔሉን ልጆች በኤምባሲ አፈላልጋለሁ እያሉ ነው።»

በማግስቱ ካራቢኒየሩ ጠመንጃውን ሊረከብ መጣ፤ ባዶ መሆኑንም አረጋገጠ። ጋሽ ትስፋልደት ከኪሳቸው እርሳስ አውጥተው አፈሙዙ ላይ ሞከሩ። አልገባም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሲኞራ፣ ጠመንጃው የወረቀት ዒላማ መብሻ ማሰልጠኛ ነው፤ ጀርመኖቹ ሲሸሹ ከመጋዘን የተወሰደ ይሆናል። ላንግ ሰው አይደለም። ጥይት ነው።»

«ቅዳሴውስ?»

«ለጥይት ነው የተቀደሰው።»

«ልጆቹስ?»

«እኔ ነኝ የወለድኳቸው።»

ካራቢኒየሩ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሰመረት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። ሲኞራ ፍራንካ እርሳሱን ተቀብለው ራሳቸው ሞከሩ፤ ደግመው ሞከሩ።

«እንግዲያው አባቴ ማንንም አልገደለም» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ሳቁ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ውሸታም! እሱም እኮ እንደ እርስዎ ነበር፤ የማያውቀው ነገር አልነበረም። ከሞተ ወዲህ በዚህ ቤት ማዕድ ላይ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው። እሁድ ለምሳ ይምጡልኝ።»

ሰመረት ደነገጠች። «ኧረ ሲኞራ! አንዴ ከጀመሩ እኮ አይመለሱም፤ እስኪመሽ ያወራሉ!»

«ያውሩልኝ» አሉ ሲኞራ ፍራንካ።