ሌሊት እንደ ቀን ስለሚቆጠርበት ሁኔታ

ዕለት፦ ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡15። ቦታ፦ ከመጋዘን ሁለት ፊት ለፊት ያለው የሚዛን ክፍል። ወንበር ስላነሰ ሊቀመንበሩ ሚዛኑ ላይ ተቀምጠዋል፤ 91 ኪሎ ያሳያል።

የተገኙ፦
1. የመጋዘን ኃላፊ፣ ሊቀመንበር
2. የመርከብ ጭነት ወኪል
3. የጥራት ተቆጣጣሪዋ
4. አጣኙ፣ ማለትም እህሉን ነቀዝ በሚገድል ጋዝ የሚያጥነው ባለሙያ። ባለፈው ወር አርፏል፤ ሆኖም የጋዝ ጭንብሉ ወንበሩ ላይ ስላለ ሊቀመንበሩ «ተገኝቷል ብለህ ጻፍ» ብለዋል።

ጸሐፊ፦ የአጣኙ ታናሽ ወንድም፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ። ቃለ ጉባኤ ይይዝ የነበረው አጣኙ ስለሆነ፣ አዲስ ጸሐፊ እስኪተካ ቤተሰቡ እንዲይዝ ተወስኗል።

ደንቡ አራት አባል ስለሚጠይቅ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ወደ ውጭ በሚላከው በቆሎ ውስጥ ስላለው ነቀዝ
ወኪሉ መርከቡ ነገ ጠዋት እንደሚነሳ፣ ገዢውም በሕይወት ያለ ነቀዝ ማየት እንደማይፈልግ ገለጹ። ተቆጣጣሪዋ፣ የታጠነ መጋዘን አምስት ቀን ይዘጋ የተባለው ለዚሁ ነው አሉ። ወኪሉ «እህቴ፣ በሦስት ቀን ያልሞተ ነቀዝ ጥፋቱ የራሱ ነው» ሲሉ መለሱ። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ከሦስት ቀን በላይ የሚኖር ነቀዝ ሕገወጥ ሆኖ እንዲቆጠር ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ መጋዘኑን ዛሬ ስለ መክፈት
መጋዘኑ የተዘጋው ሰኞ ጠዋት ነው። ሊቀመንበሩ ሦስት ቀንና ሁለት ሌሊት ሲደመር አምስት እንደሚሆን በጣታቸው ቆጥረው አሳዩ። ተቆጣጣሪዋ «ጋሼ፣ ጋዙ ይህን ሂሳብ ያውቀዋል?» ብለው ጠየቁ። ሊቀመንበሩ ባለፈው ወርም በሦስተኛው ቀን ተከፍቶ አንድም ቅሬታ እንዳልቀረበ አስታወሱ። የገባው አጣኙ እንደነበረ፣ ቅሬታ ለማቅረብም እንዳልወጣ ተመዝግቧል።

በዚህ መሃል ገና አባል ያልሆነው አዲሱ አጣኝ፣ ሽቦ የሚባለው፣ ቁልፉን ይዞ አንገቱን በበሩ አስገባና «ጌታዬ፣ ልግባ ወይስ ልቆይ? ልጆቼን ከትምህርት ቤት የማመጣው እኔ ነኝ» አለ። ውይይት ላይ መሆናችን ተነግሮት በሩ ተዘጋ።

ድምፅ ተሰጠ፦ ድጋፍ ሁለት፣ ተቃውሞ አንድ። ጭንብሉ ምንም ስላላለ ሊቀመንበሩ «ዝምታ መስማማት ነው» ብለው ከድጋፉ ደመሩት። ሽቦ አሁኑኑ እንዲገባ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ፊርማ
ሳይፈረም ውሳኔ ስለማይፈጸም ወረቀቱ ዞረ። ሦስቱ ፈረሙ። ሊቀመንበሩ «ለወንድምህ አንተው ፈርምለት የኔ ልጅ፣ ጽሕፈታችሁ አንድ ነው» አሉ። ጸሐፊው እንደማይፈርም ገለጸ። ወኪሉ «ምን ይልሃል? ይቆጣሃል?» አሉ። ጸሐፊው ወንድሙ እንደማይቆጣ፣ እንደሞተ አስታወቀ።

ተቆጣጣሪዋ ጭንብሉን ከወንበሩ አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና «በሉ፣ አሁን ቁጠሩን» አሉ። ሊቀመንበሩ ቢቆጥሩ ሦስት ሆነ። ሌሊቱን ጨምረው ቢቆጥሩም ሦስት ሆነ።

ስለዚህ ምልዓተ ጉባኤ ስላልነበረ ከላይ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፣ ነቀዙ ሕጋዊነቱ እንዲመለስለት፣ መጋዘኑም ቅዳሜ ጠዋት እንዲከፈት ያለ ውይይት ተወሰነ። ይህን ለመወሰንም ሰው እንደማይሞላ ያነሳ የለም።

ስብሰባው 9፡50 ላይ ተበተነ። ቁልፉ ከሽቦ ተወስዶ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ሽቦ ልጆቹን ሊያመጣ ሄዷል።

ፊርማ፦
1. ተፈርሟል
2. ተፈርሟል
3. ተፈርሟል
4. አልተገኘም