ያልተቆረጠው ክር

ተረት ተረት ልበላችሁ፤ የላም በረቱን ዝጉና ጠጋ በሉ። ድሮ በአንድ ጫካ እመት ሸረሪት የምትባል ሸማኔ ነበረች። እጇ የተባረከ ነበር፤ ኑሮዋ ግን ከእጅ ወደ አፍ። ጥጥ የምትሸጥላት እመት ጦጢት "እጅ በእጅ" ባይ ስትሆን፣ ገዢዎቿ ደግሞ ሁሉም "ቆይ፣ ነገ" ባዮች ነበሩ።

አንድ ቀን ንጉሡ አያ አንበሶ ለበዓለ ንግሡ ካባ አዘዘ። ሸረሪት በደስታ ጥሪቷን ሁሉ ጥጥ ገዛችበት። አልበቃ ቢላት የሽመና ዕቃዋን፣ ከእጇ ሳይወጣ፣ ለጦጢት መያዣ አድርጋ ጨመረች። ካባው አለቀና ለገንዘብ ያዡ ለአያ ጅቦ አስረከበች።

"ዋጋውስ፣ አያ ጅቦ?"

"ዝናቡ ሲያባራ ነይ።"

ዝናቡ አባራ፤ መጣች። "ሹማምንቱ ይሰብሰቡና" አላት። ተሰበሰቡ፤ በሉ፤ ጠጡ፤ ተበተኑ።

"አሁንማ በዓሉ ደረሰ፤ ካለፈ በኋላ ይሻላል። ደግሞ ምን አስቸኮለሽ? ንጉሥ ያገለገለ ስም ያተርፋል!"

"ስም ጥጥ ይገዛል?" አለች ሸረሪት በሆዷ። ተናዳለች። ጦጢት በበዓሉ ማግስት ዕቃውን እወስዳለሁ ብላ ምላለች። የማትሸምን ሸረሪት ደግሞ ምኗ ሸረሪት ነው?

ሸረሪቶች ግን አንድ የቆየ ደንብ አላቸው፤ ዋጋው ሳይከፈል የመጨረሻው ክር አይቆረጥም። ከካባው ጫፍ የወጣች ቀጭን ክር አደባባዩ ዳር እስካለው ዋርካ፣ እስከ ሸረሪት ቤት ድረስ ተዘርግታ ነበር። ጅቦ ሲረከብ አላያትም፤ እሱ የሚያየው የሚበላ ነገር ብቻ ነው።

በበዓሉ ቀን አንበሶ ካባውን ደርቦ አደባባይ ወጣ። እልልታው ቀለጠ። ሸረሪትም ዋርካዋ ላይ ተደላድላ ክሯን መጠቅለል ጀመረች። ካባው ከቁርጭምጭሚት ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ወገብ አጠረ። መጀመሪያ የዝንጀሮ ልጆች ሳቁ፤ ከዚያ ጫካው ሁሉ።

"ማነው የሚጎትተኝ?" ሲል አገሳ አንበሶ፣ የተረፈችውን ካባ በሁለት መዳፉ ጨብጦ።

"እኔ ነኝ፣ ጃንሆይ። የእርስዎን አልነካሁም፤ ያልተከፈለበትን ክሬን ነው የምሰበስበው።"

አንበሶ ወደ ጅቦ ዞረ። ጅቦ "ሹማምንቱ ይሰብሰቡና..." ብሎ ጀመረና የጌታውን ጥርስ ሲያይ የቀረውን ዋጠው። ዋጋዋ በአሞሌ ጨው እዚያው ተቆጥሮ ተሰጣት። ጦጢትም እዚያው ድርሻዋን ተቀብላ መያዣውን ለቀቀች። ሸረሪት የፈታችውን መልሳ ሸመነችው።

"ከንጉሥ ጋር እንዲህ ይቀለዳል?" አላት አንበሶ፣ አፍሮ።

ሸረሪት የመጨረሻውን ክር በጥርሷ በጠስ አደረገችና፦

"አይቀለድም፣ ጃንሆይ። ግን በዱቤ የለበሰ ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ይደነግጣል" አለችው።