አሮጌው ሞተርሆምና አንዲት ጠብታ

ሰው መቼም አይጠግብም። ቤት የሌለው ቤት ይመኛል፤ ቤት ያገኘ መኪና ያምረዋል። ሁለቱንም ያገኘ ሰው አርፎ ይቀመጣል ብላችሁ ካሰባችሁ ግን እኔን አታውቁኝም ማለት ነው። እኔ እዚሁ ስካርቦሮ፣ ጣሪያ ያለው ቤትና ጎማ ያለው መኪና እያለኝ፣ ጣሪያም ጎማም ያለው አንድ ነገር አማረኝ። ሞተርሆም ይሉታል። አልጋው፣ ምድጃው፣ ማቀዝቀዣው፣ ሽንት ቤቱ ሳይቀር አብሮ የሚነዳ መኪና ነው። ከባሏ ተኳርፋ "ቤቱን ጥዬልህ ሄድኩ" ልትል የፈለገች ሴት በዚህ መኪና መሄድ አትችልም።

የአዲሱ ዋጋ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ ዌስተን ሰፈር ከሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ትንሽዬና ዕድሜ የጠገበ ገዛሁ። ሽማግሌው ዓይናቸው ስለደከመ መንዳት ትተዋል። ቁልፉን ከማስረከባቸው በፊት በደንብ አስተማሩኝ፦ የሞተሩና የቤቱ ባትሪ ለየብቻ መሆኑን፣ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ብቻ እንደሚሞት፣ በረዶው ከመግባቱ በፊት ውሃውን ከቧንቧው አሟጥጬ በብርድ የማይረጋውን ሮዝ ፈሳሽ ካልሞላሁበት ቧንቧው በብርድ እንደሚፈነዳ። በመጨረሻ ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀስረው "ሌላው ሁሉ ይጠገናል። ውሃ ብቻ እንዳታስገቢ" አሉኝ። ልጃቸውን የሚድሩ ነበር የሚመስሉት።

ባለቤቴ ዳንኤል ደግሞ ውሃ ፈሪ ነው። አልፈርድበትም። ቤቱን በገዛን ዓመት ቤዝመንታችን በጎርፍ ሲሞላ፣ የራሰውን ምንጣፍ እየጠቀለለ ያወጣው፣ የሠርግ አልበማችንን በፀጉር ማድረቂያ ገጽ በገጽ ያደረቀው እሱ ነው። ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ ፎቶዎቹ ላይ እኔ ተረፍኩ፤ የእሱ ፊት ግን ታጥቦ ሄደ። እና ሞተርሆሙን ደጃችን ሳቆመው አንዴ ዞረውና እንዲህ አለኝ፦

"ስሚ ሳራ፣ አንዲት ጠብታ ሊክ ካደረገ ሴል እናደርገዋለን፤ ይሸጣል። ዲል?"

"ዲል" አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ከዚያ ወዲያ የእረፍት ቀኔ መዋያው ጣሪያ ላይ ሆነ። በሆዴ ተኝቼ የተሰነጣጠቀውን አሮጌ ማሸጊያ እፍቃለሁ፣ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ አዲሱን እቀባለሁ። ጎረቤቶቼ በመስኮት ያዩኛል። እናንተም "ምን አጣሽ?" ሳትሉኝ አትቀሩም። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው። "ጡረታ ስንወጣ እንዞራለን እንባባል ነበር" የሚሉ ሰዎችን መስኮት ዳር እያስቀመጥኩ ነው የምውለው። አብዛኞቹ ጡረታ ወጡ፤ አልዞሩም። እኔ እግሬ ሳይከዳኝ፣ ዳንኤልም ከጎኔ ሳለ፣ አንድ ሐይቅ ዳር ነቅቼ መጋረጃ መክፈት ፈልጌ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ያ ሁሉ ግን በአንዲት ጠብታ ተንጠልጥሏል።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። የእኛ ሰው ደግሞ ሳይጸልይበት የሚያልፈው ንብረት የለም፤ አንድ ቅዳሜ የጸሎት ቡድናችን ከች አለ። በር ላይ ግን ግር አላቸው። ይኼ ነገር "እንኳን ደስ አላችሁ" የሚባልለት መኪና ነው ወይስ "ቤት ለእንቦሳ" የሚባልለት ቤት? ነገሩን የቋጩት የቡድናችን ታላቅ እትዬ አስቴር ናቸው።

"አልጋ ካለው ቤት ነዋ" አሉና "ቤት ለእንቦሳ" ብለው ገቡ።

"እንቦሳ እሰሩ" አልኩ። እንቦሳው ቢመጣ ግን ማቆሚያ አልነበረንም።

ቤት ነው ከተባለ ደግሞ ጫማ ይወልቃል። ሁሉም ደረጃው ሥር፣ መኪናው በቆመበት ድራይቭዌይ ላይ ጫማውን ደርድሮ በካልሲ ገባ። አልጋው ላይ፣ መቀመጫው ላይ፣ የቀረውም ወለሉ ላይ ተጠጋግቶ ተቀመጠ። ዓይን ተጨፈነ፣ ጸሎት ተጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ዝናብም ተጀመረ።

መጀመሪያ ጠብ ጠብ፣ ቀጥሎ ዶፍ። ከዚያ ጣሪያ ሥር ተቀምጣችሁ ስትሰሙት የሚመታው ጭንቅላታችሁን ነው የሚመስለው። እኔ አፌ "አሜን" ይላል፣ ልቤ ማሸጊያው ላይ ነው። በመሀል በሩ ተከፍቶ ብርድ ገባ፣ ቆይቶም ተዘጋ። የሞተርሆሙን ሽንት ቤት አጥብቄ ከልክዬ ስለነበር ወደ ቤት የሄደ ሰው ነው ብዬ ዓይኔን አልገለጥኩም።

መዝጊያው ጸሎት የእትዬ አስቴር ነበር። እትዬ አስቴር ሲጸልዩ ነገር አይዘሉም። ለፍሬኑ ጸለዩ። ለየጎማው ጸለዩ። "ጌታ ሆይ፣ ይህንን ጣሪያ በእጅህ ሸፍን" ያሉ ጊዜ አላስችል አለኝና አንድ ዓይኔን ገለጥኩ። ከአልጋው ሥር ቀጭን ውሃ ወጥቶ፣ ወለሉን ይዞ፣ ቀስ እያለ ወደ እኔ ይመጣል።

ዳንኤል ከእኔ ፊት፣ ለአልጋው ቀረብ ብሎ ተቀምጧል፤ አንገቱን ደፍቶ ዓይኑን ጨፍኗል። ካላየ አልፈሰሰም ብዬ ግራ እግሬን ዘርግቼ ውሃው ላይ አሳረፍኩት። ካልሲዬ መጠጠው፤ ቅዝቃዜው እስከ ጉልበቴ ተሰማኝ። ሐይቁም መጋረጃውም ከዓይኔ ሲሄዱ ታወቀኝ። ልነሳ ብል ጸሎት አይቋረጥም፤ ያውም የእትዬ አስቴር። እሳቸው ገና መሪው ላይ ነበሩ።

አሜን ሲባል ዝናቡ አባርቷል። በሩን የከፈቱት ሰዎች ግን ደረጃው ላይ ቀሩ።

"ጫማችን የት ሄደ?"

ድራይቭዌዩ ባዶ ነው። አንዱ ሌባ ወስዶታል አለ፤ ሌላው የፈረንጅ ሌባ የሐበሻ ጫማ ምን ያደርግለታል አለ። እትዬ አስቴር ከውስጥ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፦

"ምን ትፈልጋላችሁ? እኔ አስገብቼላችሁ እኮ ነው። ዶፍ ሲወርድበት ዝም ብዬ ልይ?"

"የት አስገቡት፣ እትዬ?" አልኩ።

"ከኋላ በውጭ በኩል የሚከፈት ሳጥን አለሽ አይደል? እዚያ።"

ያ ሳጥን የአልጋው ሥር ነው። በካልሲዬ ሮጬ ወርጄ ከፈትኩት። የቡድኑ ጫማ በሙሉ፣ ቡትስ ከነውሃው፣ ተከምሯል። ተመልሼ ጣሪያውን በመዳፌ ዳሰስኩ። ጥግ ጥጉን፣ የመስኮቱን ዙሪያ፣ ሁሉንም ዳሰስኩ። ደረቅ ነው። ጣሪያዬ አላፈሰሰም፤ ያፈሰሱት እንግዶቼ ናቸው። አልጋው ላይ ዘጭ ብዬ ሳቅኩ፤ ትንሽም አለቀስኩ። እትዬ አስቴር ስለ ጸሎቱ መስሏቸው አቀፉኝ።

እንግዶቹ እየተሳሳቁ ወደ ቤት ምሳ ሲገቡ፣ እኔና ዳንኤል ወለሉን ልንወለውል ቀረን። ተቀምጦ እግሩን እግሩ ላይ ሲያወጣ ቀኝ ካልሲው ውሃ ጠግቦ አየሁት።

"ምን ነካው?"

"ዝናቡ ነዋ።"

"አንተ እኮ ከዚህ አልተነሳህም።"

ወዲያው እግሩን አወረደ። የተቀመጠበትን አየሁ፤ ውሃው እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት እሱ ጋ ደርሶ ነበር፤ እሱም ረግጦ ይዞት ኖሯል። እኔም ግራ እግሬን ከቀኙ ኋላ ልሸሽግ ስል ዓይኑ ቀደመኝ።

ካልሲውን ሲያወልቀው አንዲት ጠብታ ወለሉ ላይ ጠብ አለች። ሁለታችንም አየናት። ሴል እናድርገው ያለ ሰው ግን አልነበረም።