የአሕመዲ ፍል ውሃ

ኩዌት ውስጥ በሐምሌ ቀዝቃዛ ውሃ የሚፈልግ ሰው ቀዩን ቧንቧ ነው የሚከፍተው። አልተሳሳትኩም፣ ቀዩን። ታንከሩ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ስትቀቅለው ስለምትውል፣ በሰማያዊው የሚወርደው ውሃ የዶሮ ላባ ለመንጨት ይበቃል። የቀዩ ማሞቂያ ግን ቤት ውስጥ ጥላ ይዞ ተቀምጧል፤ ካጠፋችሁት እንደ እንስራ ውሃ ያቀዘቅዛል። ይህን የማታውቅ አዲስ ልጅ የመጀመሪያ ቀን ፊቷን ስትታጠብ የምታሰማውን ጩኸት ሰፈሩ ሁሉ ለምዶታል። እኔም ጮኬያለሁ፤ ምን ያሳፍራል?

የምሠራው አሕመዲ ነው። ማዳም አለች፣ እናቷ አሉ። እናቷን ማማ ከቢራ እንላቸዋለን፣ ትልቋ እናት ማለት ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ማዳም በየዓመቱ ቱርክ ትወስዳቸው ነበር። ለምን ብዬ ብጠይቅ፣ ለሐማም አሉኝ። በስመአብ! እዚህ እኮ ሐማም ማለት መጸዳጃ ቤት ነው። ይህ ቤት ስድስት ሐማም አለው፤ ስድስቱንም የማጥበው እኔ ነኝ። ምን ባጎድል ነው በአውሮፕላን የሚሄዱት? ተቀይሜ ሳምንት ሙሉ በረኪናውን አበዛሁት። ኋላ ማማ ከቢራ ሽታው ሲያስነጥሳቸው ነገሩን ጠየቁኝና ሳቁ፣ ስልካቸውንም ከፍተው አሳዩኝ። ለካስ የጥንት መታጠቢያ ቤት ነው! ጉልላት ያለው፣ እብነ በረድ የተነጠፈበት። ከበስተጀርባው ደን የለበሰ ተራራ፣ ከተራራው ሥር ደግሞ የሚፈልቅ ፍል ውሃ።

ይሄማ እኛም ጋ አለ አልኩ፣ በዚያች በተሰባበረች አረብኛዬ። «ማይ ሃር፣ ሚን ታሕት፣ ጋዝ ማፊ!» ሙቅ ውሃ፣ ከታች የሚመጣ፣ ጋዝ የማይፈልግ ማለቴ ነው። ማን ያሞቀዋል አሉኝ። እግዚአብሔር ነዋ አልኳቸው። ጉልላቱስ አሉኝ። ወደ ሰማይ ጠቆምኳቸው።

እውነቴን ነው። እናቴ የምትኖረው ወሎ፣ ሀርቡ አጠገብ ነው። ፍል ውሃው ከቤቷ ቢርቅ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ግን የእሷም ጉልበት አልታዘዝ ብሏል፤ ቁልቁለቱን ደግፎ የሚያወርዳት ሰው የላትም። ያለኋት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ኩዌት ነኝ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት እናቴ ናት። ኢጃዛ ሲሰጡኝ፣ ማለት ለእረፍት ስመጣ፣ ሰባት ቀን ሙሉ ይዤሽ እወርዳለሁ ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር። ትኬት ተቆረጠ፣ ሻንጣ ታሰረ። ኮሮና መጣና አየር ማረፊያው ተዘጋ።

ያን ዓመት እኔም አልሄድኩ፣ ማማ ከቢራም ቱርክ አልሄዱ። ሰዓት እላፊ ታውጆ ሁላችንም ቤት ተቀመጥን። ማማ ከቢራ ከአልጋ ወደ ወንበር መሄድ ሲያቅታቸው አንጀቴን በሉት። እናቴን አየሁባቸው፤ መደበቅ ምን ያደርጋል? አንድ ቀን ቀትር ላይ ሰማያዊውን ቧንቧ ለቅቄ ባኞውን ሞላሁት። መስተዋቱ በእንፋሎት ጠፋ። እሱ ሳይደግስ አይጣላም! ከቀዩ ትንሽ አበረድኩበት፣ ጨው ነሰነስኩበት፣ ማማ ከቢራን ደግፌ አስገባኋቸው። እሳቸው ቢስሚላህ ይላሉ፣ እኔ በስመአብ እላለሁ፤ ውሃው ለማናችንም አላደላም።

ሕጉንም ነገርኳቸው። ሰባት ቀን ነው፤ ሰባቱ ሳይሞላ ያቋረጠ ሰው ይብስበታል። እሺ አሉ፣ እንደ ልጅ። ጉልበታቸውን ከላይ ወደ ታች እያሸሁ እሳቸው የልጅነታቸውን ያወሩኛል። ግማሹ አይገባኝም፤ ግን ሲስቁ እስቃለሁ፣ ሲተክዙ እተክዛለሁ። በአምስተኛው ቀን ሳንደግፋቸው ወደ ኩሽና ብቅ ሲሉ ማዳም የያዘችውን ሳህን ልትለቀው ነበር። በሰባተኛው ቀን ማማ ከቢራ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ወላሂ አየር ማረፊያው ሲከፈት መጀመሪያ የምትሄጂው አንቺ ነሽ አሉኝ።

ተከፈተ። ሄጄ አስታወስኳቸው። የመለሰችልኝ ማዳም ናት። ከሄድሽ መመለሻው ሊዘጋብሽ ይችላል፣ ደግሞስ እናቴን ማን ያሽልኛል፣ አንድ ዓመት ታገሺ አለችኝ። ማማ ከቢራ ቀና ብለው አላዩኝም። ጉልበታቸውን ግን በሁለት እጃቸው ሸፍነውት ነበር፣ ይዤባቸው የምሄድ ይመስል። መናደድ እንኳ አቃተኝ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር! እሽቱን ባልችልበት ኖሮ ዛሬ አገሬ ነበርኩ። ሙያ በልብ ነው የሚሉት ለካ ወደው አይደለም።

ለእናቴ በቪዲዮ ደወልኩላት። እንዳላለቅስ ሳቅ ሳቅ እያልኩ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቧንቧውን፣ ባኞውን፣ የማማ ከቢራን መዳን። አለመምጣቴን መጨረሻ ላይ አስከተልኩ።  እንግዲያው ከዚያ ውሃ በጀሪካን ላኪልኝ አለችኝ።

እማዬ ምን ነካሽ አልኳት። የቧንቧ ውሃ እኮ ነው፤ ፍል ውሃው ያለው አንቺ ደጅ ነው! ሴትዮዋን ያዳናቸው ውሃው አይደለም፣ በእጄ ስላሸኋቸው ነው እንጂ አልኳት።

«እሱን አጣሁት ብለሽ ነው?» አለች። «እጅሽን ላኪልኝ ብል ይለቁልኛል? የሚላከውን ጠየቅኩሽ እንጂ።»

ከጎረቤት ቤት የምትሠራ ዘሀራ የምትባል የአገሬ ልጅ ኮንትራቷን ጨርሳ ወሎ ልትገባ ነበር። እያለቀስኩ አምስት ሊትር ቀድቼ ሰጠኋት። ያለ ኢጃዛ፣ ያለ ማዳም ፈቃድ፣ የአሕመዲ የቧንቧ ውሃ ከእኔ ቀድሞ ሀርቡ ገባ።