ላፕቶፕ ውስጥ ያጎርኳቸው ፈረሶች

ብዙ የሚያውቅ ሰው ምንም ከማያውቅ ሰው ይብሳል! አትቆጡ... የተማረ ሰው ጠልቼ አይደለም፤ እኔ ራሴ አራተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሬዋለሁ፤ ሁለቴም አላለቀልኝም። የማወራው ስለ ራሴ ነው። እኛ አገር ቆሰበር ውስጥ ከእኔ በላይ ፈረስ የሚያውቅ ካለ ይምጣ። ይኸው እውቀቴ ነው ልጄን ከምርቃት ሊያስቀርብኝ የነበረው።

ልጄ ዝናሽ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ናት፤ የምትማረው ኮምፒውተር ነው። በዕረፍቷ አሮጌ ላፕቶፕ ታቅፋ መጣችና፣ «እማ፣ የመመረቂያ ሥራዬን የምትሠሪልኝ አንች ነሽ» አለችኝ።

«እኔ? ስሜን ስጽፍ እንኳ ፊደል ይጠፋኛል!»

ኤክስፐርት ሲስተም የሚሉት ነገር አለ አሉ። አዋቂ ሰው ይጠየቅና የሚያውቀው ሁሉ ሕግ ሕግ ሆኖ ላፕቶፑ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ባለፈረሱ ሲመጣ ላፕቶፑ እንደ አዋቂው እየጠየቀ በሽታውን ይናገራል። «አንች ‹እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ ነው› እያልሽ ብቻ ንገሪኝ» አለች።

ወይ ጉድ! ዕድሜ ልኬን ሌላ ምን ተናግሬ አውቃለሁ? ነጠላ ካልደረብሽ ብርድ ይመታሻል። በባጃጅ ከመጣሽ ይገለበጣል። በእግርሽ ከመጣሽ ባጃጅ ይገጭሻል... እናት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ።

ጀመርን። ፈረሱ ወደ ሆዱ እየዞረ ካየና ከተንከባለለ፣ ሆድ ቁርጠት ነው። እሷ ትጽፋለች። ጥቂት እንደሄድን ፍርሃት ያዘኝ። አንዱን ብረሳና የሰው ፈረስ በእኔ ምክንያት ቢሞትስ? እኛ አገር ደግሞ ፈረስ የሚጠራው በቀለሙ ነው። እና ዳማው ሲንከባለል አንድ ሕግ፣ ቦራው ሲንከባለል ሌላ ሕግ፣ ግራጫው ሲንከባለል ሌላ ሕግ አስጻፍኳት። በዚያ ላይ ከአዘና የመጣ ዳማ፣ ከአዲስ ቅዳም የመጣ ዳማ፣ ከዳንግላ የመጣ ዳማ...

«እማ፣ ልዩነት አለው?»

«ጻፊ! ቢሞት ማን ሊጠየቅ ነው?»

ቅዳሜ ጧት ሞከርነው። መጀመሪያ የራሳችንን ባዝራ ነገር አስገባን። ላፕቶፑ ጥቂት አጉረመረመና «እርግዝና» አለ። እልል አልኩ! እውነት ነዋ፣ ከብዳለች። ቀጥለን የባለቤቴን የጋሪ ፈረስ አስገባን። ላፕቶፑ አጉረመረመ፣ ጋለ፣ ቆየ፣ ቆየ... «እርግዝና» አለ።

ባለቤቴ ኮፍያውን አወለቀ። «እንኳን ደስ ያለህ በሉኛ!»

በሦስተኛው ፈረስ ጭራሽ ደረቀ። ብንነካው፣ ብንቆጣው፣ ወይ ፍንክች! ዝናሽ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«ሜሞሪው ሞላ... አስተማሪው ሰኞ የሚያየው በዚሁ ላፕቶፕ ነው። እሱ ፊት እንዲህ ከደረቀ ዘንድሮ አልመረቅም።»

አልመረቅም! እኔ የምርቃቱን ቀሚስ አሰፍቼ፣ ለብሼ፣ ሰፈሩን ዞሬ ያሳየሁት ሴትዮ!

ምን ነካው ብላት አስረዳችኝ። ላፕቶፑ «ይንከባለላል» የሚል ሲሰማ፣ መንከባለል ያለበት ሕግ ሁሉ «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!» እያለ ብድግ ይላል። ቀሪው መልስ እስኪመጣ ሁሉንም በግማሽ በግማሽ ተሸክሞ ይጠብቃል። ያለፈውን ፈረስ ደግሞ «እርሳው» ካላሉት አይረሳም፤ ባዝራዬ እርግዝናዋን እንደያዘች እዚያው ውስጥ ቆማለች።

«ይኼማ እኔ ነኝ!» አልኩ። ልጅ ሲዘገይ ባጃጁ ተገልብጧል፣ ስልኳ ተሰርቋል፣ ታማለች፣ መንገድ ተዘግቷል... አንዱንም ሳልጥል ሁሉንም ተሸክሜ በር ላይ የምቆመው እኔ አይደለሁም? አምና የዘገየችበትንም ጨምሬ!

ይኸን እያወራን ጎረቤታችን አያ አለኸኝ ፈረሳቸውን እየጎተቱ ገቡ።

«እታለም፣ ድረሽልኝ! ከጧት ጀምሮ ይንከባለላል!»

«ፋንድያ ጥሏል?»

«አልጣለም።»

«ውሃስ?»

«እምቢ አለ።»

ጆሮዬን ጎኑ ላይ ለጠፍኩ። ጭጭ፤ አንጀቱ አይሰማም። «ምንም እንዳያበሉት። ቀስ እያሉ ይምሩትና ወደ እንስሳት ሐኪሙ ይውሰዱት፤ አሁኑኑ!» ወጡ።

ዞር ስል ዝናሽ አፍጥጣብኛለች።

«እማ... ቀለሙን አልጠየቅሽም።»

«ቀለሙ ምን ይሠራልኛል?»

«አገሩንስ?»

«ሆድ ሲቆርጥ አገር ይመርጣል እንዴ!»

«ታዲያ ለምን አስጻፍሽኝ?!»

ስለፈራሁ ነዋ...

ያን ቀን ስናጠፋ ዋልን። ቀለም ወጣ። አገር ወጣ። ፋንድያው መጀመሪያ ይጠየቅ አልን፤ «ጥሏል» ከተባለ የተዘጋ ሆድ ሕጎች ሁሉ ከነጭራሹ አይነሱም፣ አርፈው ይቀመጣሉ። አንዱ ፈረስ ሲወጣ ወሬው ሁሉ አብሮት ይወጣል። አንድ ሕግ በጠፋ ቁጥር እጇን እይዛለሁ። «ግራጫውን እንኳ ተይልኝ» ብዬ ለመንኳት። አልተወችልኝም!

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አያ አለኸኝ በአጥር ብቅ ብለው «ጣለ!» ብለው ጮሁ። ስለ ፋንድያ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ከሰዓት ዝናሽ ላፕቶፗን አቅፋ በሚኒባስ ሄደች።

ሰኞ ኔትወርክ የለም። በር ላይ ቆምኩ። ላፕቶፑ ደርቋል፣ ላፕቶፑ ወድቋል፣ ሚኒባሱ... ቀኑ ሲጋመስ ኔትወርኩ ተመልሶ ስልኩ ጮኸ።

«እማ! አለፍኩ! አስተማሪው ፈረስ በፈረስ ላይ ቢያስገባበትም አልደረቀም! ‹አዋቂዋ ማን ናት?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«‹እናቴ ናት። የሠራልኝ ግን ካስጻፈችኝ አብዛኛውን ስላጠፋሁት ነው› አልኩታ!»

ሳቅሁም፣ አለቀስኩም። ስልኩን እንደዘጋሁ ግን... ካለፈች ትመረቃለች። ከተመረቀች አዲስ አበባ ሥራ ትይዛለች። ሥራ ከያዘች ቤት ትከራያለች። የቤቱ በር አረንጓዴ ከሆነ ሌባ... ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ...

ለካ ጮክ ብዬ ነው የማስበው። ባለቤቴ ከጋሪው ላይ ሆኖ ጮኸብኝ፦

«አንች ሴትዮ! ቀለሙን ተይው!»