ደጅ ጠኚው ካፒቴን

ትንሽ የጭነት አውሮፕላን ድርጅት ባለበት ሁሉ አንድ ደጅ ጠኚ ካፒቴን አለ። አውሮፕላን የሌለው የአውሮፕላን ድርጅት አይቻለሁ፤ የእኛም ሁለቱም ጥገና ገብተው ያውቃሉ። ደጅ ጠኚ የሌለው ግን አላየሁም። ፈቃዱ ኪሱ ውስጥ ነው፤ በላስቲክ የተጠቀለለው ነጭ ሸሚዙ ቦርሳው ውስጥ። የጎደለው ሥራ ብቻ ነው።

የእኛውን «ክቡር ካፒቴን» ብሎ የሰየመው መካኒካችን ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ባለትዳር ነው፤ ሁለት መቶ ሠላሳ የበረራ ሰዓት አለው። ቀጣሪ ሁሉ የሚጠይቀው አምስት መቶ ነው። ልምድ የሌለው አይቀጠርም፤ ያልተቀጠረ ደግሞ ልምዱን ከየት ያመጣዋል? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚሉት እንቁላሉን የበረራ ሰዓቱን ስላልጠየቁት ነው።

እኔ የፊት ለፊቱ ቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ጭነት እመዝናለሁ፣ የክብደት ወረቀት እሞላለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ፣ ሥራ ፈላጊ እመልሳለሁ። ክቡር ካፒቴን ሰኞ ሰኞ ጠዋት አዲስ ማመልከቻ ያስረክበኛል።

«ባለፈው ሳምንት ሰጥተኸኝ የለም እንዴ?»

«ይኸኛው ታድሷል።»

«ምኑ?»

«ቀኑ።»

ከዚያ ሚዛኑ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ እስከ ዓርብም አይነሳም። ምክንያት አለው። እንደኛ ባለ ትንሽ ድርጅት ሰው በማስታወቂያ አይቀጠርም። አንዱ አብራሪ ሲታመም በር ላይ የተገኘ ነው የሚገባው። ስለዚህ ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ ያስታውቀኛል፤ ሲመለስም «አለሁ፣ እዚሁ ነኝ» ይላል። ቀትር ላይ ሚስቱ በእኔ ስልክ ትደውላለች። ሰላምታዋ አጭር ነው፦ «ተቀጠረ ወይስ ምሳ ይምጣ?»

ተቀምጦ ዝም አይልም መቼም። ጆንያ ከመኪና ሲወርድ ገና በዓይኑ መዝኖት «ሠላሳ አራት ኪሎ» ይላል፤ ሚዛኑም ሠላሳ አራት ይላል። የኪራይ በረራ ተሳፋሪዎችን ከነሻንጣቸው እንመዝናለን፤ ደንብ ነው። አንድ ቀን አንዲት ወይዘሮ «ስድሳ አምስት ኪሎ ነኝ፣ ጻፈው» ብለው ሚዛን ላይ አልወጣም አሉኝ። ክቡርነታቸው ከአግዳሚያቸው ተነሥተው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «እመቤቴ፣ ለእኛ አይንገሩን፤ ለአውሮፕላኑ ብቻ በጆሮው ይንገሩት» አሉ። ወይዘሮዋ ሳቁና ሚዛኑ ላይ ወጡ። ስንት እንደሆኑ እኔና አውሮፕላኑ ብቻ እናውቃለን።

አንድ ሰኞ ግን ማመልከቻውን ሲሰጠኝ አልቀለደም። «አማቴ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አላቸው» አለኝ። «እስከ ወሩ መጨረሻ ታግሠውኛል። ከዚያ ሚስማር ሻጭ ነኝ።»

«ለጊዜው ነዋ» አልኩት።

«እዚያ ከገባሁ አልወጣም። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ።»

ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ረዳት አብራሪያችን ሆዱን ታሞ ቀረ። ጭነቱ የአንድ ቀን ጫጩት ነው፤ በካርቶን ታጭቆ ሃንጋሩን በጩኸት ሞልቶታል፤ ውሎ ማደር አይችልም። የድርጅቱ ባለቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸውና በጓሮ በር ገብተው ላይ ቢሮአቸው የሚውሉት፣ ወርደው «እዚህ አብራሪ የሚባል ሰው ጠፋ?» አሉ።

«አለሁ! እዚሁ ነኝ!»

ፈቃዱን አዩት፤ ለዚያው ዓይነት አውሮፕላን ነው። ሸሚዙን ሲለብስ ከጥድፊያው የተነሳ ቁልፉን አዛንፎ ቆለፈው።

ሊነሱ ሲሉ የጫጩቶቹ ባለቤት በመኪና የውኃ ፓምፕ ይዞ ደረሰ። «አርባ ኪሎ ብትሆን ናት፤ በዚያው ጣል አድርጓት» አለ። ክቡር ካፒቴን ፓምፑን አንድ ጊዜ አየው። «መቶ ሃያ» አለ። መዘንኩት፤ መቶ አሥራ ስምንት። አውሮፕላኑ ደግሞ በጫጩትና በነዳጅ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል።

«ይሄ አይጫንም» አለ።

እትዬ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ይህን ደንበኛ አሥር ዓመት ይዘነዋል። አንተ ከመጣህ ገና አሥር ደቂቃህ ነው።»

ጠጋ ብዬ «ዝም በል አንተ፣ ዕድልህን በገዛ እጅህ አታባርር» አልኩት። አዛውንቱ ዋና አብራሪ ደመናውን ያጠናሉ፤ ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል ነገር አልነበረም።

«እትዬ» አለ፤ «ዓመት ሙሉ እዚህ የተቀመጥኩት ለመብረር ነው። ፓምፑ ከሄደ ግን እኔ አልሄድም።» ተመልሶም አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ።

በመጨረሻ አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልክ ነው። እኔም ልናገር ነበር» አሉ። ሊናገሩ እንዳልነበረ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቢሆንም ፓምፑ ቀረ፣ እነሱ ሄዱ።

እትዬ አውሮፕላኑ ከዓይን እስኪጠፋ ቆመው አዩና ወደ እኔ ዞሩ። «እንዲህ ያለ ልጅ ለምንድን ነው ያላመለከተው?»

መሳቢያዬን ከፈትኩላቸው። አርባ አንድ ማመልከቻ። አንዱንም ይዤላቸው ወደ ላይ ወጥቼ አላውቅም።

«አብራሪ አልፈልግም ብለውኝ ነበር» አልኩ። እውነት ነው፤ አምና አንድ ጊዜ ብለዋል። ሙሉውን እውነት ለእሳቸው መናገር አቃተኝ። ልጁ ከተቀጠረ ይበራል፤ ከበረረ አግዳሚው ባዶ ይሆናል፤ እኔም ከጆንያና ከሚዛን ጋር ብቻዬን እቀራለሁ። እወደው ነበር። ሰው የወደደውን እንዲህ ይበድላል ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ እኔ በድያለሁ።

እትዬ ከላይ ያለውን ማመልከቻ አነሡ። «ነገ ይምጣና ውል ይፈርም» ብለው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ አውሮፕላኑ ሲመለስ እስከ ሜዳው ድረስ ሄጄ ጠበቅሁት። ውሉን ነገርኩት፤ አቅፎኝ ዘለለ። ከዚያ ስለ መሳቢያው ነገርኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «ስትከፍተው አይቼ ነበር፤ ድሮ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ካስቀየምኩህ ከአግዳሚው ታስነሣኛለህ ብዬ ነዋ።»

እየሳቀ ነው ያለው። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ቦርሳውን ከእጁ ተቀብዬ እስከ ቢሮ ድረስ ተሸከምኩለት።