ዳገቱን በኋላ ማርሽ

ከአባካኝ ባል ጋር መኖር ይቻላል፤ ከቆጣቢ ባል ጋር መኖር ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አባካኙ ሲያጠፋ ያስታውቃል። ቆጣቢው ጉድ የሚሠራው "በጎ ነገር አደረግሁልሽ" እያለ ነው።

ልብስ ሰፊዋ በዚህ ሙያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግላለች። ባሏ፣ ሰፈሩ በሙሉ "ክቡር ቆጣቢ" የሚለው የውሃ ቆጣሪ አንባቢ፣ ቀኑን ሙሉ በየሰው ግቢ ቁጥር ሲያነብ ይውልና ቤቱ ሲገባ ንባቡን ይቀጥላል። ያለቁ የሳሙና ቁራጮችን አጣብቆ አንድ የእንጨት ጉማጅ የሚያህል ሳሙና ሠርቷል፤ ልጆቹ ታጥበው ሲወጡ ስድስት ዓይነት ሽታ ይሸታሉ። የበሩን ደወል ባትሪ አውጥቶ አስቀምጧል፤ "የፈለገን ያንኳኳ! እጅ የለውም?" ለምን ሲሉት መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ጣቱን ወደ ላይ ይቀስርና፣ "አስልቼዋለሁ!"

ይህን ሁሉ ችላ ኖራለች። የፒክአፕ መኪናቸው ነገር ግን ሌላ ነው።

እናቷ ከታች ሜዳው ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ ልጅት እንቅልፍ የላትም። "ከእኛ ጋር ኑሪ" እያለች ሁለት ዓመት ሙሉ ለመነቻቸው። እሳቸው ደግሞ "አርባ ዓመት ለኖርኩበት ቤት ጀርባዬን አልሰጥም" ሲሉ ከረሙ። በስንት ልመና እሺ አሉ።

"ግን መንገድ ላይ ቅር የሚለኝ ነገር ካየሁ እመለሳለሁ" አሉና የቤታቸውን ቁልፍ በመሐረብ ቋጥረው ደረታቸው ውስጥ ሸጎጡት።

ቅዳሜ ጠዋት አልጋውና ቁም ሳጥኑ ተጫነ፤ ሦስቱም ጋቢና ገቡ። ፒክአፑ ሲነሳ ሰፈር የሚቀሰቅስ መኪና ነበር። ዛሬ ግን ትክትክ፣ ትክትክ ይላል። ልብስ ሰፊዋ ጆሮዋን ቀጥ አደረገች፤ ድምፁን ታውቀዋለች፣ የገዛ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ነው።

"ይሄ መኪና ምን ሆኗል?"

"ጋራዥ ነበረች፤ ዛሬ ጠዋት ነው የወጣችው። ተሽሏታል" አላት፣ ፊቱ በርቶ።

ወደ ባልና ሚስቱ ቤት የሚያወጣውን ዳገት ጀመሩት። ሲሶውን እንኳ ሳይጨርሱ ፒክአፑ አቃሰተ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥ አለ። ልብስ ሰፊዋ ዘላ ወረደች፣ ከጎማው ኋላ ድንጋይ ደገፈች፣ ኮፈኑን ከፈተች። ክው አለች። በዚያ ሁሉ ባዶ ቦታ መሀል፣ አዳራሽ ውስጥ እንደተረሳ ድስት፣ አንዲት ሚጢጢ ነገር ቁጭ ብላለች።

"ሞተሩ የታለ?"

"ይኸውልሽ።"

"ይሄ የማን ነው?"

"የትንሽ አውቶሞቢል ነው። ትልቁን አስወጥቼ ይሄን አስገባሁ። በግማሽ ነዳጅ ነው የሚሄደው። አስልቼዋለሁ!"

"ዳገቱንስ አስልተኸዋል?"

ክቡር ቆጣቢ ቀና ብሎ ዳገቱን አየው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የወጣውን ዳገት ዛሬ ገና ሰው ያስተዋወቀው ይመስል ነበር።

"የሞከርናት… ሜዳ ላይ ነው" አለ ቀስ ብሎ።

ከጋቢናው ድምፅ መጣ። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች! አውርዱኝ፣ ቤቴ እሄዳለሁ።" የእናትየዋ እጅ ደረታቸው ውስጥ ቁልፉን ይፈልጋል።

ልብስ ሰፊዋ በጣም ስትናደድ ባሏን አንቱ ትላለች። "ክቡርነትዎ" አለችው፣ "እናቴ ዛሬ ከተመለሰች እርስዎም አብረዋት ይሄዳሉ።"

ሰውየው ላብ አጠመቀው። ድንገት ጣቱ ወደ ላይ ወጣ። "የኋላ ማርሽ! ከአንደኛው ማርሽ ይበልጣል ጉልበቱ!"

ሌላ ምን ምርጫ አለ? መኪናውን እያንሸራተተ ወደ ሜዳው መለሰው፣ አዞረው፣ ቂጡን ለዳገቱ ሰጠው፤ ከዚያ ወደ ኋላ መውጣት ጀመረ። ልብስ ሰፊዋ ከላይ በኩል በእግሯ እየቀደመች፣ "ግራ! ቀኝ! ኧረ ቦዩን!" ትጮሃለች። የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ግማሽ ጢሙ ከተላጨ ደንበኛው ጋር በር ላይ ወጣ።

"ሰውየው እየመጣ ነው እየሄደ?" አለ ደንበኛው።

"እኔ እንጃ። ቁም ሳጥኑ ግን እየመጣ ነው።"

ልብስ ሰፊዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ከሁሉም ያስፈራት ደግሞ እናቷ ደረት ውስጥ ያለው ቁልፍ ነው።

በራቸው ላይ ሲደርሱ ወደ ጋቢናው ሮጠች። እናትየዋ በፊት መስታወቱ ወደ ታች ያያሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"እማ፣ ይቅር በይኝ፣ አላወቅሁም…"

"ዝም በይ እስቲ። ያቻት የቤቴ ጣራ። ከታች እስከዚህ ድረስ እያየኋት ነው የመጣሁት። አንዴም ጀርባዬን አልሰጠኋትም።" መሐረቡን ፈቱና ቁልፉን ለአማቻቸው ዘረጉ። "እንካ፣ አንተ ያዝልኝ። አንተ ዕቃ አትጥልም።"

ክቡር ቆጣቢ ቁልፉን በሁለት እጁ ተቀበለ። ጣቱ ሽቅብ መውጣት ጀመረ። "እኔማ አስል—"

"ዋ!" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ይልቅ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርግና ግባ።"

ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ ሥር ድንጋይ አወጣ። ዳገቱ ላይ እሷ ራሷ የደገፈችውን።

"ሌላ ከመፈለግ ብዬ ነው" አላት።

ያኔ ሳቋ አመለጣት፤ ኮፈኑን ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪወርድ።